ልጅ ሲመረመር፦ ከሌባሻይ እስከ ሕፃናት ጥበቃ ክፍል



በየወሩ ስንሰበሰብ፣ ቁጠባው ገቢ ሆኖ፣ ብድሩ ተፈርሞ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ የሚነሡ ጉዳዮች አሉ። ከነዚህ አንዱ «ልጄ ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል፤ ወዴት ልሂድ? ለማን ልናገር?» የሚለው ነው። ይህን የምትጠይቅ እናት አብዛኛውን ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው። ልጁ አጥፍቶ እንደሆነ ገና ሳይታወቅ እሷ አስቀድማ ታፍራለች። ከሐፍረቱ የተነሣም ወደ ጣቢያው ለመሄድ ታመነታለች። በዚያ መሐል ልጁ ብቻውን ይጠየቃል፤ ቃሉም ይጻፋል።

ስለዚህ በዚህ እትም፣ በአገራችን በወንጀል የተጠረጠረ ልጅ እንዴት ሲመረመር እንደኖረ የሚናገር ጽሑፍ ለማዘጋጀት ተስማማን። እኛ የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም። ነገር ግን ታሪኩን ስናገላብጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ታየን፦ ልጅን መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰው ማን እንደሆነና እንዴት እንደሚጠይቅ የልጁን ቀሪ ዕድሜ ይወስናል። ዳኛው ችሎት ላይ የሚያገኘው፣ መርማሪው ከብዙ ቀን በፊት የጻፈውን መዝገብ ነው።

ልጅ ራሱ መርማሪ ሳለ

ጥንት ፖሊስ የሚባል ሳይኖር ወንጀለኛ የሚፈለገው በሌላ መንገድ ነበር። አንዱ አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ስርቆት ወይም ግድያ ሲፈጸምና አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ቦታ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። እርሻ ይቁም፣ ከብት ይራብ፣ ሸንጎው አይበተንም። ምርመራው የመንደሩ ሁሉ ዕዳ ነበር።

ሌላው ሌባሻይ ነው። ታላላቆቻችን ስሙን ያውቁታል። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ሲያመለክት፣ የሌባሻዩ ሹም አንድ ትንሽ ልጅ ያመጣና የሚያደነዝዝ መድኃኒት በመጠጥ ያጠጣዋል። ትንባሆም ያስጨስበታል። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት ወይም ገመድ ተይዞ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ፣ እየሮጠ፣ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ሹሙና ሕዝቡም ይከተሉታል። በመጨረሻ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው እሱ ነው» ተብሎ የጠፋውን ዕቃ ዋጋ እንዲከፍል ይደረጋል።

ወደ አገራችን የመጡ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ አገር መንገደኞች ይህን እየተገረሙ ጽፈውታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታትም አሠራሩ ቀስ በቀስ ተከልክሎ ቀረ። ስለ ሌባሻይ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያነሣው ያላጠፋ ሰው ስንት ጊዜ ሳይከፍል አልቀረም የሚለውን ነው። ያ እውነት ነው። እኛ እናቶች ግን ታሪኩን ስንሰማ ቀድሞ የሚታወሰን ያ መድኃኒት የሚጠጣው ልጅ ነው። ለሌላ ሰው ንብረት ሲባል፣ ለአዋቂዎች ክርክር ሲባል፣ የልጅ አካልና አእምሮ መሣሪያ ይሆን ነበር። ይህን የምናነሣው አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ልጅ በፍትሕ ፊት የራሱ መብት ያለው ሰው ሆኖ እስኪቆጠር ድረስ ምን ያህል መንገድ እንደተሄደ ለማሳየት ነው።

ሕጉ ልጅን ለይቶ አየ

በ1923 ዓ.ም. አገራችን በአዲስ መልክ የተዘጋጀ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበራት። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሰፊው ለውጥ የመጣው በ1949 ዓ.ም. ነው። የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዚያ ዓመት ታውጆ፣ በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሕግ ልጆችን በዕድሜ በሦስት መደባቸው።

ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ያጠፋ እንደሆነ የሚቆጡትና የሚመክሩት ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱና አሳዳጊው ናቸው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ወጣት ጥፋተኛ ይባላል፤ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምበትም፣ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አይቀላቀልም። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለው ደግሞ እንደ አዋቂ ይጠየቃል፤ ዳኛው ግን ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ይህ አከፋፈል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ሳይለወጥ ቀጥሏል።

የ1949ኙ ሕግ የዘመኑ ልጅ ነበር። ለልጆች በአርጩሜ መገረፍን እንደ አንድ ቅጣት ይዞ ነበር። ያ ድንጋጌ በ1996ቱ ሕግ ቀርቷል። «መቅጫ» የሚለው ቃል ራሱ ከሕጉ ስም የወጣው በዚያው ጊዜ ነው።

ለምርመራ ሥራ ዋናው ግን ከዚያ በኋላ በ1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነበር። ይህ ሕግ የወጣቶችን ጉዳይ ከቁጥር 171 እስከ 180 ለብቻው አስቀምጧል። ስናነበው የደነቀን ነገር አለ። የተያዘ አዋቂ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ልጅ ግን ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ይላል። ፖሊስ ቢይዘው፣ ዐቃቤ ሕግ ቢያገኘው፣ ወላጅ ወይም ከሳሽ ቢያመጣው ያው ነው። የሚያመጣው ሰው ምን እንደተፈጸመና ምስክር ካለ እነማን እንደሆኑ ለፍርድ ቤቱ ይናገራል፤ ያም ይጻፋል። ምርመራው እንዴት መካሄድ እንዳለበት ለፖሊስ መመሪያ የሚሰጠው ፍርድ ቤቱ ነው።

ትርጉሙን ልብ በሉ። መርማሪ ልጅን ጣቢያ አስቀምጦ እንደ ፈለገ እንዲጠይቅ ሕጉ አላሰበም። በልጁና በመርማሪው መካከል ገና ከመጀመሪያው ዳኛ እንዲቆም ነበር የታሰበው። ቀጠሮ ቢሰጥም ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለታመነ ዘመድ እንዲሰጥ፣ ያ ሰውም በቀጠሮው ቀን ሊያቀርበው ኃላፊነት እንዲወስድ ይላል። ችሎቱም በዝግ፣ ያለ ብዙ ሥርዓትና ወከባ እንዲሆን ያዛል። ይህ ሁሉ የተጻፈው የሕፃናት መብት ስምምነት የሚባል ነገር በዓለም ላይ ከመኖሩ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ነው።

ሕጉ ነበረ፤ ቤቱና ሰው አልነበረም

መልካም ሕግ በወረቀት ቀረ ስንል ማጋነን አይሆንም። «ከአዋቂ ጋር አይቀላቀልም» የተባለው ልጅ የሚገባበት ሌላ ቤት ያስፈልገዋል። ለረጅም ዘመን ለዚህ የሚሆን ተቋም የነበረው አዲስ አበባ ውስጥ ያለው የጠባይ ማረሚያ ብቻ ነበር። ጎጃም ወይም ሐረርጌ ውስጥ የተያዘ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወዴት ይሄዳል? ወይ ይለቀቃል፣ ወይ በፖሊስ ጣቢያና በወህኒ ቤት ከአዋቂዎች ጋር ይቀመጣል። በዚያ ምን እንደሚማር፣ ምን እንደሚደርስበት ለእናት መንገር አያስፈልግም።

ሰውም አልነበረም። መርማሪ ፖሊስ የሚሠለጥነው ነፍሰ ገዳይንና ዘራፊን ለመመርመር ነው። ያንኑ አጠያየቅ ይዞ ዳቦ የሰረቀ ሊስትሮ ፊት ሲቀመጥ፣ ልጁ የሚሰጠው መልስ ከእውነት ይልቅ ከፍርሃት ይወጣል። ልጅ ትልቅ ሰው እንዲቆጣው አይፈልግም። «አንተ ነህ አይደል?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ከተጠየቀ በአራተኛው «አዎ» ሊል ይችላል። ያ «አዎ» ወረቀት ላይ ሲሰፍር የእምነት ቃል ይባላል።

በደርግ ዘመን ደግሞ ሕጉ ራሱ ወደ ጎን ተገፋ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት የቀበሌና የከፍተኛ ጽሕፈት ቤቶች እስር ቤት ሆኑ። የጦር መሣሪያ የታደላቸው የአብዮት ጥበቃዎች ያስሩ፣ ይመረምሩ፣ ይፈርዱም ነበር። ከታሰሩትና ከተገደሉት ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። የሦስቱ የዕድሜ መደብ፣ የዳኛው መመሪያ፣ ወደ ወላጅ መመለስ የሚባለው ሁሉ ትርጉም አጣ። ያንን ጊዜ ያሳለፉ አባሎቻችን አሉ፤ ስንቅ ይዘው ቀበሌ በር ላይ የቆሙ፣ ስንቁ ተመልሶ ሲሰጣቸው ነገሩ የገባቸው። ዛሬ በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ፎቶግራፎቹን ያየ ሰው የልጅ ፊት ምን ያህል እንደሚበዛ ይመለከታል።

ጣቢያ ውስጥ የተከፈተው በር

ከደርግ ውድቀት በኋላ ኢትዮጵያ የሕፃናት መብት ስምምነትን በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 10 አጸደቀች። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ለብቻው ሲደነግግ፣ ጥፋተኛ ሆነው ወደ ማረሚያ የሚገቡ ወጣቶች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ አዘዘ።

ይሁንና ለውጡ የታየው ከአዋጆቹ ይልቅ ሰዎች ጣቢያ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ የጎዳና ልጆች መድረክ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከስዊድኑ የሕፃናት አድን ድርጅት ጋር ሆኖ፣ ከአዲስ አበባ ፖሊስ ጋር በመስማማት በፖሊስ ጣቢያዎች ውስጥ የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎችን ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። በጣቢያው ግቢ አንዲት ክፍል ትለያለች። እዚያ የሠለጠነ ፖሊስና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ልጅ ሲያዝ ወደ ማረፊያ ቤት በመውረድ ፈንታ ወደዚያች ክፍል ይመጣል። ቤተሰቡ ይፈለጋል። የተበደለ ልጅም፣ አጠፋ የተባለ ልጅም የሚሰማው እዚያ ነው።

በኋላም በአንዳንድ ክፍለ ከተሞች ቀላል ጥፋት የፈጸሙ ልጆች ክስ ሳይመሠረትባቸው፣ ቤታቸው ሆነው በሰፈራቸው በተዘጋጀ ማዕከል ምክር፣ የትምህርት ድጋፍና ክትትል የሚያገኙበት ማኅበረሰብ አቀፍ የእርምት ሥራ ተጀመረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የሕፃናትን ፍትሕ የሚመለከት ፕሮጀክት ተቋቁሞ፣ ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ችሎቶች እየተስፋፉ ሄዱ። በነዚህ ችሎቶች የተበደለ ሕፃን በዳዩን ፊት ለፊት ሳያይ፣ በሌላ ክፍል ከማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ተቀምጦ በቴሌቪዥን መስመር ቃሉን እንዲሰጥ ይደረጋል።

መርማሪው ምን ይሠራል?

የልጅን ጉዳይ የሚመረምር ፖሊስ ሥራ ከሌላው መርማሪ ሥራ በሦስት ነገር ይለያል።

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት፤ በነዚህ ቁጥሮች ላይ አንድ ዓመት መሳሳት ልጅን ወደ ሌላ ዓለም ይልካል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። መርማሪው የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ መፈለግ አለበት። ይህ ሁሉ ከጠፋ ሐኪም የእጅ አጥንት በራጅ ወይም ጥርስ አይቶ ይገምታል። ግምቱ ግን ግምት ነው፤ በትክክል ይህን ያህል ነው አይልም። «ምርጫው በተደረገበት ዓመት፣ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወለድኩት» የምትል እናት ያን ጊዜ ከራጅ የተሻለ ማስረጃ ልትሆን ትችላለች። እሷ ግን ጣቢያው ውስጥ መገኘት አለባት።

ሁለተኛው አጠያየቅ ነው። በልጁ ቋንቋ፣ በአጭር ጥያቄ፣ መልሱን አፉ ላይ ሳያደርጉለት፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ እያለ መጠየቅ ያስፈልጋል። የራበው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ የተመታ ልጅ የሰጠው ቃል ለማንም አይጠቅምም፤ እውነተኛውን ጥፋተኛ ለማግኘትም አይረዳም። ከልጅ ጀርባ አዋቂ ያለበት ስርቆት ብዙ ነው። ልጁን ያስፈራራ መርማሪ ትንሹን ይዞ ትልቁን ይለቃል።

ሦስተኛው የልጁ ኑሮ ነው። ሕጉ ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና አኗኗር ከአባት ከእናቱ፣ ከትምህርት ቤቱና ከአሳዳጊው እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። አባት አለው? ትምህርት መቼ አቋረጠ? ከገጠር ማን አመጣው? ማን ዘንድ ያድራል? የዚህ መልስ በመዝገቡ ውስጥ ካለ ዳኛው ልጁን ከማረሚያ ይልቅ በክትትል ወደ ቤቱ ሊመልሰው፣ ወይም ሊገሥጸው፣ ወይም ሕክምና እንዲያገኝ ሊያዝ ይችላል። ከሌለ ዳኛው ፊት ያለው የጥፋቱ ወረቀት ብቻ ነው።

የአርሲዋ ልጅ

ይህን ታሪክ ለሴቶች ማኅበር መጽሔት ስንጽፍ ልናልፈው የማንችለው አንድ ጉዳይ አለ። በ1980ዎቹ ማብቂያ በአርሲ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ለማምለጥ ስትሮጥ ሲከታተሏት በያዘችው ጠመንጃ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። በግድያ ተከሰሰች። ስሟ በብዙ ቦታ ተጽፏል፤ እኛ ግን ልጅ ሳለች በደረሰባት ነገር ስሟ ዕድሜ ልኳን እንዲነሣ ስለማንወድ እዚህ አንጽፈውም።

በዚያን ጊዜ የነበረው የ1949ኙ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። በሰፈሩም ዓይን ጠለፋው ባህል፣ ግድያው ወንጀል ነበር። «ለምን ገደልሽው?» ተብሎ የተጀመረ ምርመራ ወዴት እንደሚያመራ ግልጽ ነው። ጥብቅና የቆመላት ገና የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጉዳዩን ይዘው ተከራከሩ። ከግድያው በፊት በልጅቱ ላይ የተፈጸመው ሁሉ በፍርድ ቤት ተነገረ። ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

ታሪኩ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በሚል ፊልም ወጣ። ከዚያ በፊት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊው ቢያገባትም ከተጠያቂነት እንደማያመልጥ ደንግጓል። ወይዘሮ መዓዛም በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህ ሁሉ የሆነው ጥቂት ሴቶች ከአንዲት ልጅ ጎን ስለቆሙ ነው። አንድ ማኅበር ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየናል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የዛሬ ጣቢያ የትናንቱ አይደለም። የሴቶችና የሕፃናትን ጉዳይ የሚመረምሩ ፖሊሶች አሉ፤ ብዙዎቹም ሴቶች ናቸው። ሥራቸው ከባድ ነው። በአንድ ቀን የተደፈረች ሕፃን ቃል ተቀብለው፣ ወዲያው ሞባይል የነጠቀ ልጅ ያነጋግራሉ። እኛ ልናግዛቸው የምንችለው በሥራቸው ጣልቃ በመግባት ሳይሆን የእኛን ድርሻ በመወጣት ነው።

አባሎቻችን ሆይ፣ የልጆቻችሁን የልደት ምዝገባ አሁኑኑ አስጨርሱ። የክትባት ካርዱንና የትምህርት ቤት ውጤቱን በአንድ ላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የእናንተ ወይም የጎረቤት ልጅ ተያዘ ሲባል ሐፍረታችሁን ቤት ትታችሁ ወዲያውኑ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከመካከላችን አንዷን ይዛችሁ ሂዱ። የሕፃናት ጉዳይ የሚያየው ክፍል የት እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ። የመርማሪውን ስም፣ የመዝገቡን ቁጥርና የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ ጻፉ። ልጁ ከአዋቂዎች ጋር ታስሮ እንደሆነ ለዳኛው ተናገሩ። ልጁ አጥፍቶ ከሆነም አትሸሽጉለት፤ እውነቱን እንዲናገር አበረታቱት፣ አጠገቡም ተቀመጡ።

ወላጅ የሌለው፣ ከገጠር መጥቶ በረንዳ የሚያድር ልጅ ሲያዝ ደግሞ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል። ሕጉ ልጅን ለታመነ ሰው መስጠት ይቻላል ሲል፣ ያ የታመነ ሰው ከየት ይመጣል? ከሰፈር ነው የሚመጣው። በየወረዳው ሁለት ሁለት እናቶች ስማቸውን ለጣቢያው ሰጥተው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ የሚጠሩ እንዲሆኑ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳብ እናቀርባለን።

ደጋፊዎቻችን፣ የእናንተ እርዳታ ለዚህ ሥራ የሚውለው ለታክሲ፣ ለሠነድ ማስገልበጫና ለሕግ ምክር ነው። ትንሽ ገንዘብ ይመስላል። ነገር ግን አንዲት እናት በሰዓቱ ጣቢያ ከደረሰች ልጁ ብቻውን አይጠየቅም።

ለጉባኤው በሰዓቱ እንገናኝ።